ካልሲ ያደረገው በግ

ካልሲ ሳጠልቅ አፍራለሁ። ሌላ ሰው የሚያፍረው ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ ሲል ነው፤ እኔ ግን አዲስም ይሁን ንጹሕ፣ እግሬን ባስገባሁ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። ሚስቴ ምክንያቱን ስለምታውቅ ፊቷን አዙራ ትስቃለች። ዛሬ ለእናንተም ልናገረውና ይውጣልኝ። እባካችሁ አታቋርጡኝ፤ ካቋረጣችሁኝ ራሴን ወደማሳምርበት ቦታ ዘልዬ ልሄድ እችላለሁ፤ ልማድ አለብኝ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው። ኮልፌ ቀራንዮ ያኔ ግማሹ ሰፈር፣ ግማሹ ገጠር ነበር። እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ሲባል ብዙ እንዳይመስላችሁ፤ ሥራዬ ሌላው የጻፈውን በታይፕ መምታት ነው። ከተከራየነው ቤት ጀርባ በሳንቃና በቆርቆሮ የሠራኋት የዶሮ ቤት ነበረችኝ። በውስጧ አምስት ዶሮና አንድ ቁጡ አውራ ዶሮ ይኖሩ ነበር። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው።

በመሥሪያ ቤታችን የነበረ አንድ ጣልያናዊ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ዕቃውን ለሠራተኛው አከፋፈለ። ለአንዱ ወንበር፣ ለአንዱ ፋኖስ፣ ለዘበኛው ሳይቀር ካፖርት ደረሰው። እኔ እንደ ልማዴ ዘግይቼ ደረስኩና ሦስት ነጫጭ ጥንቸሎችና አንድ አሮጌ መጽሔት ተረፉኝ። መጽሔቱ ውስጥ ዶሮዎችና ጥንቸሎች በአንድ አጥር ውስጥ አብረው ሲኖሩ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ከሥዕሉ ሥር ረጅም ጽሑፍ አለ። የእኔ ጣልያንኛ ፌርማታ፣ ባኞና ቤርጎ ከማለት አያልፍም፤ ጽሑፉን አየት አየት ባደርገው ከሦስቱ አንዱም የለበትም። ስለዚህ ዘለልኩትና ሥዕሉን ብቻ አመንኩ።

ጥንቸሎቹን ከዶሮዎቹ ጋር በአንድ ቤት አስገባኋቸው። ዶሮ ቆጥ ላይ ያድራል፣ ጥንቸል መሬት ላይ ይተኛል፤ ፎቅና ምድር ቤት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ብልሃት ለምን እስከ ዛሬ ለሰው እንዳልታየው እየገረመኝ ለጎረቤቴ ለአቶ ሸምሱ በአጥር ላይ አስረዳኋቸው። አቶ ሸምሱ ከአጥራችን ወዲያ ሱቅ ያላቸው፣ እንደ እኔ ያለውን ሰው ብዙ ያዩ ነጋዴ ናቸው።

«ጎረቤት፣ ይሄ ነገር አይሆንም» አሉኝ። «ዶሮ ከላይ ነው የምታድረው፤ ጥንቸሉ ደግሞ ታች ነው። ዶሮ እንግዲህ ስታድር...» ብለው ጨዋ ሰው ስለሆኑ ዝም አሉ።

«ገባኝ» አልኳቸው። አልገባኝም ነበር። የገባኝ በማግስቱ ነጫጮቹን ጥንቸሎች ዥጉርጉር ሆነው ሳገኛቸው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ከመሄዴ በፊት ጥንቸል አጥባለሁ። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አውራ ዶሮው የጥንቸል ጆሮ ትል ይመስለዋል መሰለኝ፣ ባገኘው ቁጥር ይነቁረዋል። ጥንቸሎቹ በፋንታቸው የዶሮዎቹን ጥሬ በልተው ሆዳቸው ይነፋና ጎናቸውን ሰጥተው ይተኛሉ፤ እኔም ሥራዬን ትቼ ሆድ አሻለሁ። ደግሞ ይቆፍራሉ። በአንድ ሳምንት ከአጥሩ ሥር መንገድ አወጡ፤ እነሱ ግን አልወጡበትም፤ የወጡት ዶሮዎቹ ናቸው። አንዷ በቀጥታ ወደ አቶ ሸምሱ ሱቅ ገብታ ምስር ጆንያ ውስጥ እንቁላል ጣለች። አቶ ሸምሱ እንቁላሉን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡና ሰጡኝ። ያ እንቁላል ከስድብ በላይ ነበር።

ታዲያ ለምን አልለየኋቸውም? መሀል ላይ አንድ ቆርቆሮ ማቆም የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ግን ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ፤ በመሥሪያ ቤት ሥዕሉን ሳይቀር አሳይቻለሁ። ቆርቆሮውን ካቆምኩ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ያኔ ተሳስቻለሁ ከምል ጥንቸል እያጠብኩ ብሞት የምመርጥ ሰው ነበርኩ።

ሚስቴ ብዙነሽ ድርስ እርጉዝ ነበረች። ከዚያ በፊት የነበረው ልጃችን ሳይበረክትልን ቀርቷል፤ ስለዚህ ይኼኛውን የምንጠብቀው በፍርሃት ነው። ብዙነሽ ቀኑ እስኪደርስ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ አጠገቤ ትሁን። እናቷ ከሸዋ ገጠር ሊመጡ ተቀጥሯል።

«ስማ» አለችኝ አንድ ቀን። «እናቴ የቄስ ልጅ ናት። ጥንቸል በእሷ ዘንድ ርኩስ ነው። ከጥንቸል ጋር የሚውል ዶሮ እንቁላል ቀርቶ የዚህን ግቢ ውሃ አትጠጣም፤ በመጣችበት መኪና ነው የምትመለሰው። ወይ ጥንቸሎችህን አስወጣ፣ ወይ አንተው አዋልደኝ።»

«ነገ» አልኳት።

ነገ የምትባለዋ ቀን ከእኔ ቤት ደርሳ አታውቅም። አማቴ ግን ከቀጠሮው በሳምንት ቀድመው ደረሱ። ቅዳሜ ከሰዓት ጥቁር ጥላቸውን ይዘው፣ ለአራስ ያሏትን ገብስማ ዶሮ እግሯን አስረው አንጠልጥለው በራችን ላይ ቆሙ።

አማቴን እንድታውቋቸው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዘጠኝ ወልደው ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ እኔ ያኔ ሠላሳ ዓመትም አልሞላኝም። እንዲያም ሆኖ የሚጠሩኝ አንቱ እያሉ ነው። በአገራቸው አማት የልጇን ባል አንተ አትልም። «ኧረ እማማ፣ አንተ ይበሉኝ፤ ልጅዎ አይደለሁም?» ስላቸው «ምነው ጌታዬ፣ ነውር አይደለም እንዴ? እስክሞት አንቱ ነዎት» ብለው አፌን አስያዙኝ። እሳቸው አንቱ ባሉኝ ቁጥር የሆነ ትልቅ ሰው ከኋላዬ የቆመ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ።

ገና ሳይቀመጡ «ይህችን ዶሮ ከጓደኞቿ ላግባት» ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ። ተከተልኳቸው። ብዙነሽ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ከበሩ ላይ ታየኛለች።

«አንቱ፣ ይኼ ነጩ ምንድን ነው?»

ሁለት መልስ ነበረኝ። እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ሌላው ነው።

«የፈረንጅ በግ ነው እማማ።»

በመድኃኔ ዓለም፣ የሚስቁ መስሎኝ ነበር! አልሳቁም። በዚያ ዘመን ወዛ ያለና ወጣ ያለ ነገር ሁሉ የፈረንጅ ይባላል፤ የፈረንጅ ላም አለ፣ የፈረንጅ ዶሮ አለ፤ የፈረንጅ በግ ቢኖር ምን ይደንቃል? እሳቸው የሚያውቁት ጥንቸል ቡናማ ነው፣ ከሲታ ነው፤ ያውም ያዩት ሲሮጥ ከጀርባው ነው። ዓይናቸውም ደክሟል። ከሁሉ በላይ ግን የነገራቸው የልጃቸው ባል ነው።

አማተቡ። «የእግዜር ሥራ! ምነው አነሰሳ?»

«ለከተማ የተዘጋጀ ነው። ቦታ እንዳይፈጅ።»

«አይጮኽምም።»

«ፈረንጅ ጩኸት አይወድም።»

«ጆሮውስ?»

«ለዚያ ነው የረዘመው እማማ። አይናገርም፤ ይሰማል።»

ወሬ አንዴ ከጀመረኝ ማቆሚያ የለኝም። አማቴ ግን የቄስ ልጅ ናቸው፤ በወሬ ብቻ አይረኩም። በርጩማ አስመጡና ከሰዓቱን ሙሉ የጥንቸሎቹን አፍ ሲመለከቱ ዋሉ። የሚበላ እንስሳ ማመስኳት አለበት፣ ሰኮናውም የተሰነጠቀ መሆን አለበት፤ ሕጉ ይኼ ነው። ጥንቸል ደግሞ አፉ አያርፍም፤ ሲበላም ሳይበላም ያላምጣል።

«ያመሰኳል» አሉ አመሻሽ ላይ ደስ ብሏቸው። «ሰኮናውሳ? በጠጉር ተሸፍኖ አልታየኝም።»

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። «እማማ ይቅርታ፣ ቀልዴን ነው» ማለት በዚያን ሰዓት ገና ቀላል ነበር።

«ከውስጥ ነው እማማ» አልኩ። «አገሩ ብርድ ስለሆነ ካልሲ አድርገው ነው።»

«ከነካልሲያቸው ነው የሚወለዱት?»

«ከነካልሲያቸው።»

«ወይ ፈረንጅ!» አሉ አማቴ፣ በአድናቆት ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ብዙነሽ የዚያን ዕለት ማታ ያናገረችኝ አንድ ቃል ነው። «ካልሲ?» አለችኝና ወደ ግድግዳው ዞረች። እሷም ግን አልተናገረችም፤ ብትናገር እናቷ ይሄዱባታል። በውሸቴ ውስጥ ድርስ እርጉዝ ሚስቴን አስገብቼ በሩን ዘጋሁባት።

ከዚያ በኋላ አማቴ ጥንቸሎቹን ወደዷቸው። ጠዋት ጠዋት ለምለም ሣር እያጨዱ ያመጡላቸዋል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያገኟቸውን ሴቶች «የልጄ ባል የፈረንጅ በግ አርቢ ናቸው» እያሉ እንደሚያወሩ ሰማሁ። አቶ ሸምሱ የነገሩኝን ምክር በሌላ በኩል ዞረው እሳቸውም ነገሩኝ፤ «አንቱ፣ በእኛ አገር በግና ዶሮ አንድ ላይ አይታጎርም። ይለዩዋቸው» አሉኝ። «ነገ» አልኩ።

አንድ እሑድ ጠዋት ከጓሮ ጩኸት ሰማሁ። ስሮጥ ብሄድ አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ትልቁ ወንዱ ጥንቸል ያቺን ከአገር ያመጧትን ገብስማ ዶሮ... እንግዲህ ወንድ ጥንቸል እንዲህ ያለ አመል እንዳለው ማን ነግሮኝ? ዶሮዋ ክንፏን ዘርግታ ትጮኻለች፤ አውራ ዶሮው ቆጥ ላይ ወጥቶ እንደ ሽማግሌ ወደ ሌላ ያያል።

«አንቱ! በጉ ዶሮዬን ምን እያደረጋት ነው?»

«እየተጫወቱ ነው እማማ።»

«እኔ ዘጠኝ ወልጃለሁ» አሉኝ። «ጨዋታውን አውቀዋለሁ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ የገብስማዋን እንቁላል እያንዳንዱን ለፀሐይ እያዩ ሱፍ ያለው ጫጩት ይፈልጉበት ጀመር። እኔም አጠገባቸው ቆሜ አብሬ አያለሁ። ምን ላድርግ?

ብዙነሽን ምጥ የያዛት በጥቅምት መግቢያ ነው። እኔ ደጅ ላይ ስንቆራጠጥ የአማቴን ድምፅ ከውስጥ እሰማ ነበር። «መድኃኔ ዓለም! ልጄን ከነልጇ ብታተርፍልኝ፣ በዚህ ግቢ ካለው ሁሉ የከበረውን ላንተ አገባለሁ!» ሲሉ ሰማሁ። ይህን ጊዜ እንኳ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ? ሬዲዮኔን! ሬዲዮኔን የሚወስዱብኝ መስሎኝ ነበር። ከጥቂት ሰዓት በኋላ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ ወንድ ልጅ፣ እናቱም ደህና። አለቀስኩ። ሬዲዮኑንም ስለቱንም ረሳሁ።

ጥቅምት ሃያ ሰባት የመድኃኔ ዓለም ቀን ጠዋት ያንን ቆርቆሮ ላቆም ቆረጥኩ። ልጅ ሲወለድ ሰው ይለወጣል ይባል የለ? ሚስማር ልገዛ ወደ አቶ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ።

«እንኳን አደረሳችሁ» አሉኝ ሚስማሩን እየቆጠሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጠይቅህና፣ ቅር እንዳይልህ። እናንተ ጋ ጥንቸል ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ተፈቀደ እንዴ?» አሉኝ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«አማትህ አሁን ነው ያለፉት። ያንን ትልቁን አጥበው፣ ቀይ ክር አንገቱ ላይ አስረው በዘንቢል ይዘውታል። ስለቴን ላደርስ ነው አሉኝ።»

ሚስማሩን እዚያው ትቼ ሮጥኩ። ሰው ለበዓል ነጭ ለብሶ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ እኔ በቤት ውስጥ ሱሪ በመካከሉ እሽቀዳደማለሁ። አንዳንዱ የሞተ ሰው ያለ መስሎት መንገድ ይለቅልኛል። ምናለ ጥንቸሉ ዘሎ በጠፋ፣ ምናለ መንገድ ላይ ባገኘኋቸው እያልኩ ሮጥኩ። አላገኘኋቸውም። እኔ ቅጥር ግቢው ውስጥ ስገባ እሳቸው ስለት ከሚቀበሉት ሰውዬ ፊት ተራቸው ደርሶ ነበር።

አንድ ትልቅ ጥድ አጠገብ ደረስኩ። ከጥዱ ኋላ ቆምኩ።

«እማማ፣ ምን አመጡ?» አሉ ስለት ተቀባዩ።

«በግ» አሉ አማቴ ቀና ብለው።

ሰውዬው እጃቸውን ዘንቢሉ ውስጥ ከተቱና በጆሮው ይዘው አወጡት። አንዷ «በስመ አብ!» አለች፤ ከዚያ ሳቁ መጣ።

«እማማ፣ ይኼ እኮ ጥንቸል ነው!»

«የፈረንጅ በግ ነው» አሉ አማቴ ድምፃቸው ሳይናወጥ። «የልጄ ባል ናቸው የነገሩኝ። የመንግሥት ሰው ናቸው፤ አይዋሹም።»

አይዋሹም። ይህችን ቃል ከጥዱ ኋላ ሆኜ ሰማኋት። ከዚያ በኋላ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ አንዱም እንደዚህች ቃል አላመመኝም።

«ሰኮናው የታለ ታዲያ?» አለ አንዱ ከሕዝቡ መሀል።

«ካልሲ ስላደረገ ነው።»

ያን ጊዜ የሳቀውን ሰው ብታዩት! ሆዱን ይዞ የተቀመጠ አለ። አማቴ ሰው ለምን እንደሚስቅ ግራ ገብቷቸው ዞር ዞር አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው የጥንቸሉን እግር ያዙ። በደከመ ዓይናቸው ተጠግተው ጠጉሩን በጣታቸው ገለጡት። ጣት አገኙ፣ ጥፍር አገኙ። ያንን እግር እንደያዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው በቀጥታ ጥዱ ላይ አረፈ። ግማሽ ትከሻዬ ውጭ ነበር።

«ማን ነው እንዲህ የተጫወተብዎት እማማ?» አሉ ስለት ተቀባዩ፤ አሁን አዝነው ነው።

አማቴ አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ለመንኩ። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞሩ።

«ማንም አልተጫወተብኝም። ጥንቸል ነው ብለውኝ ነበር። ጆሮዬም ዓይኔም ደክሟል፤ በግ ያደረግኩት እኔው ነኝ።»

ሕዝቡ እየሳቀም እያዘነም ተበተነ። እኔ አልወጣሁም። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፤ ይኸው ነበር የቀረኝ። ለወሬ ሰፊ የነበረው አፌ ያኔ ተዘጋ። አማቴ በእጃቸው ከነበረው ሁሉ የቀረችውን ያቺን ጥቁር ጥላቸውን ለስለቱ ሰጡና፣ ጥንቸሉን ወደ ዘንቢሉ መልሰው፣ ራሳቸውን ለጥቅምት ፀሐይ ሰጥተው ወጡ። በሩ ላይ ዘንቢሉን ተቀበልኳቸው። አልከለከሉኝም። ቤት ልንደርስ ስንል ብቻ «ከዶሮዎቹ ይለዩት አንቱ» አሉ።

በዚያው ቀን ሦስቱንም ጥንቸሎች በሰፈራችን ላለ አንድ ጣልያናዊ መካኒክ ወስጄ ሰጠሁ። ሰውዬው ጥንቸል በየራሱ ሳጥን፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ከዶሮ አርቆ ነው የሚያኖረው። መጽሔቴን አሳየሁትና ከሥዕሉ ሥር ያለውን እንዲያነብልኝ ለመንኩት። አነበበና ሳቀ። ዶሮና ጥንቸል በአንድ ቤት ያጎረ ሰው የሚደርስበትን መከራ ነው የሚዘረዝረው አለኝ። ጥንቸሉ ዶሮዋ ላይ ስለሚወጣው ነገር እንኳ ተጽፏል።

አማቴ ይሄዳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሄዱም። ብዙነሽንም ልጁንም እንደ ወትሯቸው ይንከባከባሉ፤ እኔንም አንቱ ይሉኛል። ከስለቱ በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ከመጋረጃው ወዲያ ድው፣ ድው የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። አማቴ ባዶ መሬት ላይ ይሰግዳሉ፤ ሲነሱ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይደግፋሉ።

«ምን ሆነው ነው?» አልኳት ብዙነሽን በሹክሹክታ።

«በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ዋሽቻለሁ ብላ ለንስሐ አባቷ ተናዘዘች» አለችኝ ልጁን እያጠባች። «በቀን ዐርባ፣ ለሰባት ቀን እንድትሰግድ ታዘዘች።»

«ምን ዋሹ?»

ብዙነሽ አየችኝ። ቀስ ብሎ ገባኝ። በግ ያሉት ውሸት አይደለም፤ እሱን አምነው ነው የተናገሩት። በዕድሜያቸው የዋሿት አንዲት ውሸት «ጥንቸል ነው ብለውኝ ነበር» ያሉት ነው። የእኔን ኃፍረት የሸፈኑባት።

በማግስቱም ድው፣ ድው ሲል ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ተኛሁ። በሦስተኛውም በአራተኛውም የስግደት ቀን እንዲሁ። እያንዳንዱ ድምፅ ደረቴ ላይ ያርፋል፤ እኔ ግን ጆሮዬን እሸፍናለሁ። ከጥዱ ኋላ የቆመው ሰውዬ ብርድ ልብስ ውስጥም ያው ነው።

በአምስተኛው ቀን ግን ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ብርድ ስለሆነ የአማቴ ጉልበት ሲንቋቋ ከመጋረጃው ወዲህ ይሰማ ነበር። መጋረጃውን ገለጥኩና ገብቼ አጠገባቸው ቆምኩ።

«እማማ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ከጥዱም ኋላ የነበርኩት እኔ ነኝ። የቀረውን እኔ ልስገድ።»

አማቴ መስገዳቸውን አቆሙ። በግድግዳው ላይ እጃቸውን ደግፈው ፊቴን አዩት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ታች፣ ወደ እግሬ አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። ከንፈራቸው ዳር ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ግን አልለየሁትም። ትንሽ ጠጋ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

«መጀመሪያ» አሉኝ፣ «ካልሲህን አውልቅ፣ ልጄ።»

አወለቅኩ።